የባከነ ሰዓት

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ማንችስተር ዩናይትድን የተረከቡት ቤቱ ባዘነበት ወቅት ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1986 (ከዚህ በኋላም ዘመኑን የምቆጥረው በእነሱው አቆጣጠር ነው) ክለቡ ከ22 ቡድኖች 21ኛ ላይ ተቀምጧል፤ የሊጉን ዋንጫ ካነሳ 19 ዓመት አልፎታል። በቀድሞው አሰልጣኝ በሮን አትኪንሰን ዘመን ከልምምዱ ጨዋታው፣ ከጨዋታውም መጠጡ ይበዛል ይባል ነበር። አዲሱ ሰው ግን ከግላስጎው የመርከብ ሠሪዎች ሰፈር ከጎቫን የወጡ የላብ አደር ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው የፋብሪካ ተለማማጆችን አድማ መርተዋል፤ በኋላም ትንሹን አበርዲንን ይዘው በ1983 ሪያል ማድሪድን አሸንፈዋል። ከታች የመጡ፣ ችግርን የቀመሱ፣ አድማ ከምን ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚያውቁ ሰው። የተጎዳ ቤት ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

የመጀመሪያው ሥራ ጽዳት ሆነ። ፖል ማክግራዝና ኖርማን ዋይትሳይድ፣ ጉልበታቸው የተጎዳ፣ ብርጭቆም የማይጠሉ፣ ደጋፊው ግን የሚወዳቸው ሁለት ሰዎች በ1989 ተሸኙ። ቅር ያለው ብዙ አልነበረም፤ ጽዳት የሚጠላ ማን አለ፣ በተለይ መጥረጊያው ሌላውን ሲነካ። ማክግራዝ በአስቶን ቪላ ማሊያ ሲጫወት ቆይቶ በ1993 የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ብሎ ሸለመው። ይህ ግን ጽዳቱ ስህተት ነበር አያሰኝም። ሰውየው በሌላ ቤት ጥሩ ሆነ እንጂ በዚህኛው ቤት ጥሩ ሆነ ያለ የለም።

ሦስት ዓመት አለፈ፤ ዋንጫ የለም። በ1989 መጨረሻ ላይ አንድ ደጋፊ ጨርቅ ላይ ጽፎ ስታዲየም ገባ፦ ሦስት ዓመት ሰበብ ሰማን፣ ይበቃል፣ ደህና ይሁኑ ለማለት ነው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ማርክ ሮቢንስ የተባለ ወጣት ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ አንድ ግብ አገባ፤ ከዚያች ግብ የተመዘዘው መንገድ እስከ ኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ዘለቀ። ጨርቁን የያዘው ሰው ተሳስቶ ነበር ማለት ነው። ይህ ለእግር ኳስ ትልቅ ትምህርት ሆኖ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ሀገር፣ በየትኛውም ሜዳ፣ ይበቃል የሚል ሁሉ ያ ሰው ይጠቀስበታል። ታግሠው ያገኙት ይተረካሉ። ታግሠው ያላገኙት የት እንደደረሱ የሚተርክ መጽሐፍ ግን እስካሁን አላየሁም፤ ሳይወፍር አይቀርም።

የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣበት መንገድ ራሱ ለወጣቶች ቢነገር ይጠቅማል። ፍጻሜው ከክሪስታል ፓላስ ጋር 3 ለ 3 አልቆ ጨዋታው ሊደገም ሆነ። በረኛው ጂም ሌይተን ነበር። ከአበርዲን ጀምሮ አብሯቸው የመጣ፣ ማድሪድ በወደቀበት ምሽትም በሩ ላይ የቆመ የትግል ጓድ። ለድግሙ ጨዋታ በሩ ከሉተን በውሰት ለመጣው ለሌስ ሲሊ ተሰጠ፤ 1 ለ 0 ተሸነፈ ፓላስ። ሌይተን አኮረፈ፤ ከአለቃው ጋር እንደ ተራራቁ ቀሩ። ብዙ ሰው ጨካኝነት ነው ይላል። እኔ ግን ከሁሉም ቀድሞ ቡድኑ የተረዳው ያን ምሽት ይመስለኛል፤ አብሮ መምጣት አብሮ ለመቆየት ዋስትና እንዳልሆነ በጥናት ወረቀት ከሚነገረው በላይ በአንድ በረኛ ተነገረው። ከዚያ በኋላ በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ “ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበርኩ” የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ስለ ሰር አሌክስ ሲወራ የሰዓት ነገር አይታለፍም። በኤፕሪል 1993 ከሼፊልድ ዌንስደይ ጋር በተደረገው ጨዋታ ዳኛው በመሃል ተጎድተው በሌላ ተተኩ። የባከነው ሰዓት ተቆጠረና ተጨመረ፤ ስቲቭ ብሩስ በ86ኛው ደቂቃ አቻ አድርጎ በ96ኛው ደገመ። በዚያው ዓመት ዋንጫው ከ26 ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ከመስመሩ ዳር ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን በጣታቸው ሲመቱ በቴሌቪዥን ያላየ የኳስ ሰው የለም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ያን ሰዓት ጨርሶ እንደማይቆጥሩበት፣ ዳኛውንና ተጋጣሚውን ለማስጨነቅ ያህል እንደሚመቱት በፈገግታ ነገሩን።

ደንቡ ትክክለኛው ሰዓት በዳኛው እጅ ነው ይላል። ደንቡ ግን 75 ሺህ ሰው በሚጮህበት ሜዳ መሃል ቆሞ አያውቅም። ዳኛውም ሰው ነው፤ ቤት አለው፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመደብበት ጨዋታም አለው። ዩናይትድ ሲመራ ሰዓቱ እንደማንኛውም ሰዓት ይሄዳል፤ ሲመራ የቆየው ሌላው ከሆነ ግን ሰዓት የሚያባክነው ይበዛል፤ የታመመ፣ የወደቀ፣ ኳስ የዘገየበት። ያኔ ፊሽካው መቼ እንደሚነፋ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ፊሽካ ያልያዘው ሰው ነው። በ1999 በባርሴሎናው ካምፕ ኑ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባየርን ሙኒክ ከ6ኛው ደቂቃ ጀምሮ መርቶ በጭማሪው ሁለት ግብ ሲገባበት ግን የዳኛው ጥፋት አልነበረበትም፤ ባየርኖች ጨዋታ በሰዓቱ ያልቃል ብለው አምነው ነበር። ሰር የሚለውም ማዕረግ የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

ወደ ግንባታው ልመለስ። በ1995 ክረምት ፖል ኢንስ ወደ ኢንተር፣ ማርክ ሂውዝ ወደ ቼልሲ፣ አንድሬ ካንቼልስኪስ ወደ ኤቨርተን ሄዱ። ዋንጫውን ያመጡት ሰዎች ናቸው፤ ዋንጫውን ማን እንዳመጣው ማወቃቸው ግን ጤናማ አልነበረም። በእነሱ ፋንታ ከክለቡ ማሠልጠኛ የወጡ ልጆች ተሰለፉ፦ ቤካም፣ ስኮልስ፣ በት፣ ኔቭል ወንድማማቾች። ጊግስ ከእነሱ ቀድሞ ገብቷል። በመክፈቻው ዕለት በቪላ 3 ለ 1 ተሸነፉ፤ የቴሌቪዥን ተንታኙ አለን ሀንሰን በልጆች ዋንጫ አይበላም አለ፤ በሜይ 1996 ግን ሁለት ዋንጫ በሉ። ሰውየው እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ያልታየው ግን እነዚህ ልጆች ከችሎታቸው ሌላ አንድ ጸጋ የነበራቸው መሆኑ ነው፦ ከእኒህ አሰልጣኝ በፊት ሌላ አሰልጣኝ አያውቁም። ከመምጣታቸው በፊት ቤቱ እንዴት እንደነበር የሚያስታውስ፣ አሁን ካለው ጋር የሚያወዳድር፣ “በፊት እኮ እንዲህ አልነበረም” የሚል ሰው ወጥቶ፣ በማስታወስ የማይታማ ትውልድ ገባ። እንዲህ ያለ ተሃድሶ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከትዝታ ወደ መርሳት ነው የሚሄደው።

ይህ ጥበብ በኋላ ሃርቫርድ ድረስ ተጠንቷል። በ2013 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ባወጣው ጽሑፍ ላይ፣ የአንድ ጥሩ ቡድን ዕድሜ አራት ዓመት ያህል እንደሆነ፣ ተጫዋቾቻቸውንም ከ30 በላይ፣ ከ23 እስከ 30 ገደማ፣ ከዚያ በታች ብለው በሦስት እንደሚከፍሏቸውና ሁሌም ከዓመታት አስቀድመው እንደሚያስቡ ሰር አሌክስ ራሳቸው አስረድተዋል። ንድፉ ግሩም ነው። አንዳንድ ቀናተኞች ከ70 በላይ የሚል አራተኛ ረድፍ አጣንበት ብለው አንጎራጉረዋል፤ ይህ አላዋቂነት ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው ለሚታደሰው ነው፤ የሚያድሰው በየትኛው ረድፍ ይገባል? ምክትሎቻቸውም ቢሆኑ ታድሰዋል፦ ኖክስ፣ ኪድ፣ ማክላረን፣ ኬሮሽ፣ ፌላን። ኬሮሽማ ሄዶ ተመልሶ እንደገና ሄዷል።

ከታደሱት መካከል ሦስቱ ለየት ይላሉ። ያፕ ስታም በ2001 መጽሐፍ አሳተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ላዚዮ ተሸጠ። መጽሐፉና ሽያጩ አይገናኙም ተባለ። በ29 ዓመቱ ተከላካይ ምትክ የ35 ዓመቱ ሎራን ብላን መጣ፤ ወደፊት ማሰብ ማለት አንዳንዴ ወደ ኋላም መቁጠር ነው። ሰር አሌክስ ከዓመታት በኋላ ስታምን መሸጣቸው ስህተት እንደነበር አምነዋል፤ ይህ ትልቅነት ነው፣ የሚያምኑበት ጊዜ ማንም የማይጠይቅበት ጊዜ ቢሆንም። ዴቪድ ቤካም በፌብሩዋሪ 2003 ከአርሴናል ሽንፈት በኋላ በመልበሻ ክፍል በተጠለዘ ጫማ ቅንድቡ ላይ ተመትቶ ተሰፋ። ጫማው ሳይታሰብ ነው የተነሣው። በዚያው ክረምት ማድሪድ ገባ፤ ሳይታሰብ ነው ግን አልተባለም።

የሮይ ኪን ጉዳይ ግን ዘርዘር ቢል ይሻላል። ከ1997 ጀምሮ አምበል ነበር፤ ሜዳ ላይ የአለቃው አፍና እጅ። በ2005 መከር ቡድኑ በሚድልስብሮ 4 ለ 1 ሲሸነፍ ኪን በክለቡ በራሱ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቀርቦ ጓዶቹን ገመገመ። በጠላት ጣቢያ አይደለም፤ በስደት ጋዜጣ አይደለም፤ በቤቱ ጣቢያ ነው። ግምገማውም እንደሚባለው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ይህ ምናልባት ጥፋቱን ሳያባብሰው አይቀርም። ካሴቱ ለሕዝብ ሳይታይ ቀረ። ለተጫዋቾቹ ግን ታየ፤ ተወያዩበት፤ በኖቬምበር አምበሉ ተሰናበተ። ሕዝቡ ስለማያውቀው ነገር ሕዝቡ ያልሰማው ውሳኔ ተሰጠ፤ ቡድኑም በአንድ ድምፅ ወደፊት ቀጠለ። ጎቫን ላይ አድማ የመሩ ሰው የአድማን ጽንስ ከሌላው ቀድመው ማየታቸው ምን ይደንቃል?

ከቤቱ ጣቢያ ውጭ ያሉትማ ነገራቸው ቀላል ነው። ቢቢሲ በ2004 ስለ ልጃቸው የተጫዋቾች ወኪልነት ሥራ ዘገባ ስለሠራ እስከ 2011 ድረስ ሰባት ዓመት ሙሉ ቃለ ምልልስ ተነፈገው። ጣቢያው አልተዘጋም፤ ማንም አልታሰረም። ጥያቄ የሚጠየቁት ሰው ብቻ ጠፉ። ምክትሉ እየመጣ ይመልስ ነበር፤ ስለ ምክትል ጥያቄ ቢጠየቅ መልስ አለው፣ ስለ ዋናው ግን አያገባውም።

አሁን ወደ 2002 እንሂድ። ሰር አሌክስ በ60 ዓመታቸው፣ የ2001/02 ውድድር ሲያበቃ እሄዳለሁ ብለው ነበር። በቃሌ ነኝ፣ በክብር እወርዳለሁ፣ ለወጣት እለቃለሁ። ሀገር ተደነቀ። በ2001 መከር ግን ቡድኑ በተከታታይ መሸነፍ ጀመረ። እሳቸው በኋላ እንዳስረዱት የመሄጃቸው ቀን መታወቁ የተጫዋቹን ወኔ አላላው። የገና ሰሞን ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ተመካክረው፣ አትሄድም፣ ገና ነህ አሏቸው፤ በፌብሩዋሪ ውላቸው ታደሰ። ታላላቅ ሰዎች በሌላ ጉዳይ ቤተሰባቸውን ላይሰሙ ይችላሉ፤ በዚህ ጉዳይ ግን እንዲህ ትሑት ናቸው። ያ ዓመት አንድ ነገር አስተማረ፦ የሚሄድበትን ቀን የተናገረ ሰው ከቀኑ በፊት ሄዷል። ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ሙሉ ቀን አልተናገሩም። ሲሄዱም ጥቂት ሰው ብቻ አውቆ፣ ሜይ 8 ቀን 2013 ድንገት ነበር።

የአርሴናል ደጋፊዎች ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ አይበሉ። የእነሱም ቬንገር ከ1996 እስከ 2018 ነበሩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አራተኛ መውጣት እንደ ዋንጫ ሲቆጠር በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚከራከሩላቸው አዲስ አበቤዎች አልጠፉም። ማንቼውና መድፈኛው በዚህ ጉዳይ ከሌላው ነገር ይልቅ ይመሳሰላሉ።

በመሃል የፈረስ ጠብ ነበር። ሮክ ኦቭ ጂብራልታር በተባለ እሽቅድድም ፈረስ ላይ ሰር አሌክስና ከክለቡ ትላልቅ ባለ አክሲዮኖች አንዱ የሆኑት አየርላንዳዊ ተጣሉ፤ ጠቡ ከበረደ በኋላ እኚያ ባለ አክሲዮን ከባልደረባቸው ጋር ድርሻቸውን ለአሜሪካዊው ግሌዘር ሸጡ፤ ክለቡ በ2005 ከባለቤትነት ዝውውሩ ጋር ዕዳ ተሸከመ። የፈረስ ጌቶች ተጣልተው ዕዳው የሣሩ ሆነ። ያዘኑ ደጋፊዎች ወጥተው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦቭ ማንችስተር የሚባል የራሳቸውን ትንሽ ክለብ አቋቋሙ። ሰር አሌክስ አላደነቋቸውም። እነሱም በታችኛው ሊግ፣ በትንሽ ሜዳ፣ ያንኑ የድሮ መዝሙር እየዘመሩ ይኖራሉ፤ ድሮ እኛ ነን ዋናው ይላሉ፤ ዋናው ሜዳ ግን ሞልቷል።

ክብሩም ቸኩሎ መጣ። በኖቬምበር 2011 ሥራቸውን የጀመሩበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የስታዲየሙ ትልቁ ትሪቡን በስማቸው ተሰየመ፤ በ2012 ከዚያው ትሪቡን በር ላይ ሐውልታቸው ቆመ። ሐውልት ለሞተ፣ ትሪቡን ለወረደ የሚል የድሮ ልማድ ያላቸው ሰዎች ቅር ይላቸው ይሆናል። የዳይሬክተሮቹ መቀመጫ፣ በእኛ ስታዲየም አባባል ጥላ ፎቁ፣ ከዚያ ትሪቡን ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ሰውየው ከሥራ ከወረዱ በኋላ ከተቀመጡበት ሆነው ሲያዩ፣ መጀመሪያ የራሳቸውን ስም፣ ቀጥሎ ከሥሩ የሚሮጡትን ልጆች ያያሉ። አዲሱ አሰልጣኝም ቀና ባለ ቁጥር ወይ ስሙን ያያል፣ ወይ ባለስሙን።

ሲሄዱ 13 የሊግ ዋንጫና ከሁሉም ጋር 38 ዋንጫ ትተው ነው፤ ማንም አይቀንሰውም። የመጨረሻው ጨዋታ ከዌስት ብሮም ጋር 1500ኛቸው ሆነ፤ 5 ለ 2 ሲመሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ ሦስት ግብ ተከታትሎ ገባባቸውና 5 ለ 5 አለቀ። ያን ቀን ጭማሪው አልጠቀመም። ቡድኑን ላየው ደግሞ ጊግስ 39፣ ስኮልስ ከጡረታ ተጠርቶ ተመልሶ 38፣ ፈርዲናንድ 34 ሆነዋል። የሃርቫርዱ ሠንጠረዥ አንዱ ረድፍ ሞልቶ ፈስሷል። ለምን አልታደሰም የሚሉ አሉ። ለማን ተብሎ ይታደሳል? አዳሽ ቤቱን የሚያድሰው ሊኖርበት እንጂ ሊያስረክበው አይደለም።

ተተኪውን ራሳቸው መረጡ፦ ዴቪድ ሞይስ፣ ያው ከግላስጎው። ለስድስት ዓመት ፈረመ፤ ሹመት ያዳብር ተባለ። ሰር አሌክስ በስንብታቸው ደጋፊውን ከአዲሱ አሰልጣኝ ጎን እንዲቆም አደራ አሉት። ስትሬትፎርድ ኤንድ በሚባለው ትሪቡን ላይም “የተመረጠው” የሚል ጨርቅ ከሞይስ ፎቶ ጋር ተሰቀለ። ማን እንደመረጠው አልተጻፈበትም፤ ማንም ስለሚያውቀው ይሆናል። በአሥረኛው ወር፣ በኤፕሪል 2014፣ ተሰናበተ። ሕዝብ አደራ በላ የሚል አልጠፋም። እኔ ግን አንድ ሰው 26 ዓመት ተኩል ማንንም ያለ እሱ እንዳያስብ አስተምሮ፣ በ27ኛው ዓመት ያለ እኔ አስቡ ቢል፣ ተማሪው ቢዘገይ የተማሪው ጥፋት ብቻ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ቫን ሀል መጡ፣ ሞሪንዮ መጡ፣ ቴን ሀግ መጡ፣ አሞሪም መጡ። እስከ 2024/25 የውድድር ዓመት ድረስ ሊጉን ያነሣ የለም፤ በዚያ ዓመትማ ቡድኑ 15ኛ ወጣ። ሁሉም ሲመጡ ቡድኑን እየገነባን ነው፣ ጊዜ ስጡን ይላሉ። ትክክለኛውን ቃል ተናግረዋል፤ በዚያ ቤት ግን ጊዜ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ነው።

ከተተኪዎቹ መካከል ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ብቻ ይለያል። የ1999ኙን የመጨረሻ ግብ ያገባው እሱ ነው፤ በዲሴምበር 2018 በጊዜያዊነት መጥቶ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። የቀድሞውን ምክትል ማይክ ፌላንን መልሶ አመጣ፤ ልጆቹን አሰለፈ። ጋዜጣዊ መግለጫ ሲሰጥ ደግሞ፣ እሱ ራሱ ዋናው አሰልጣኝ ሆኖ በዋናው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ “አለቃ” እያለ ስለ ሌላ ሰው ያወራ ነበር። ማንን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈለገው ጋዜጠኛ ግን የነበረ አይመስለኝም።